ማሽኑ ዝም ያለበት የማስቲሽ ክፍል

በዚያ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሀዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ባለች አንዲት ጫማ መሥሪያ ቤት የነበርነው እነዚህ ነን፤ እኔ፣ ልጄ ምሕረት፣ ከእርሷ ጋር ማሽኑን የሚሠራው ያሬድ፣ የቤቱ ባለቤት አቶ ዳንጊሶ፣ በስፌት መኪና የሚሰፉት ጋሽ ወልዴና መሠረት፣ ከኋላ ክፍል ማስቲሽ የምትቀባው ታደለች። የባጃጁ ሹፌርም በር ላይ ነበር፤ ግን ከባጃጁ አልወረደም። ሌላ ሰው አልነበረም።

ነገሩ የሆነው በጉዞዬ በአራተኛው ቀን ነው። ከመነሻው ካልጻፍኩት ግን ጥፋቱ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ስለዚህ ከሆሳዕና ከተነሣሁበት ቅዳሜ እጀምራለሁ።

ቅዳሜ

ለመሄድ ያስነሣኝ ስልክ ነው። ምሕረት ሀዋሳ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ከፋሲካ በኋላ ደውላ፣ «እማዬ፣ የሚያሸት ማሽን እየሠራን ነው። አየር ላይ ያለ መርዛም ትነት ሲኖር ለይቶ ይናገራል» አለችኝ። እኔ ከዚያ ሁሉ የሰማሁት መርዛም የሚለውን ብቻ ነው።

«ማሽኑ መርዙን በምን ያውቀዋል?» አልኳት።

«እናስተምረዋለን። ትነቱን በትንሽ በትንሹ እያስሸተትነው ይማራል።»

«እናንተስ?»

«እኛ እንጠነቀቃለን።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አባቷ «ተያት፣ ሥራዋን ታውቃለች» አለኝ። እርሱ እንደዚህ ነው። እኔ ልጄ ጠርሙስ ከፍታ ስታሸት እየታየኝ ሳምንት ቆየሁና ቆጮ፣ በሶና አንድ ጣሳ ለጋ ቅቤ ይዤ ተነሣሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጥኩ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር እጁን እመለከታለሁ። ባነሳው ጊዜ ሁሉ ጸሎቴን ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ከሆሳዕና እስክንወጣ ብርድ ነበር፤ ወደ ሀላባ ስንወርድ ሙቀቱ መጣ። ሀላባ በሥዕል ያጌጡ ቤቶች መንገድ ዳር አሉ። እኔ አላየኋቸውም ማለት ይቻላል፤ እግሬ ሥር ያለው የቅቤ ጣሳ ቀልጦ በክዳኑ መፍሰስ ጀምሮ ነበር። በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩት። ይባስ ብሎ ነጠላው ሸተተ።

አንድ ባርኔጣ ያደረጉ ሰው መስኮት ከፈቱና፣ «ይህ መኪና ነው ወይስ ቅቤ ተራ?» አሉ።

ረዳቱ፣ «አባቴ፣ ትራንስፖርቱን ከፈሉ፤ ቅቤው ምርቃት ነው» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ለይምሰል ሳቅኩ፤ ግን ጆሮዬ ጋለ። እኛ ሰፈር ቅቤ ሲሸት ድግስ ነው ይባላል። መኪና ውስጥ ግን ሌላ ነገር ሆነ።

ከጎኔ የተቀመጠች ሴት ክንዴን ነካ አድርጋ፣ «እህቴ፣ ለጸጉር ነው?» አለችኝ።

«ለልጄ ነው። ከተማ ናት።»

«እንግዲያው ትንሽ ሽቶ ጣል አድርጊበት። ቢሮ የምትገባ ልጅ በቅቤ ብቻ አትሄድም። እኔ ለልጄ እንደዚያ ነው የማደርግላት።»

ምክሯ ከልቧ ነበር፤ ዛሬም አልቀየማትም። ሻሸመኔ መነኸሪያ መኪና ስንቀይር ግርግሩ አስፈራኝ። አንዱ ጓዜን ይጎትታል፣ አንዱ «ሀዋሳ፣ ሀዋሳ» እያለ ጆሮዬ ላይ ይጮኻል። በዚያ መሐል ሴትየዋ እጄን ይዛ ወደ ሱቅ ወሰደችኝና ጣት የምታህል የሽቶ ጠርሙስ አስገዛችኝ። ከዚያ ሀዋሳ ወደሚሄደው መኪና አስገብታኝ ሄደች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።

ሀዋሳ ሜዳ ናት። እኛ ጋ ሰው ቤቱ ለመድረስ ዳገት ይወጣል ወይም ቁልቁለት ይወርዳል። እዚያ መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ ሆኖ እስከ ሐይቁ ይሄዳል፤ ባጃጁ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል። ምሕረት መነኸሪያ ጠበቀችኝ። ከስታለች። ከስተሻል ስላት፣ «እማዬ፣ ሁልጊዜ ነው የምትይኝ» አለች። እውነቷን ነው፤ ሁልጊዜ እላታለሁ። በዚያን ቀን ግን ከስታ ነበር።

የተከራየችው ምሥራቅ ውስጥ በእማማ አስቴር ግቢ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ነው። እማማ አስቴር የሲዳማ ሰው ናቸው፤ ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይቷል። ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር የጠበቁኝ። አልጋ ጠቧል ብለው ሁለቱን ልጆቻቸውን አንድ ክፍል አስገብተው የራሳቸውን ክፍል ለእኔ ሰጡ። እምቢ ብል፣ «የምሕረት እናት፣ እንግዳ አይከራከርም» አሉኝ። ማታ ሻፌታ በሚሉት የሸክላ ዕቃ ቡርሳሜ የሚሉትን የቆጮ ምግብ አቀረቡልን። ቆጮውን እነርሱም እንደ እኛ ዋሳ ነው የሚሉት። ይህን ስሰማ የልቤ ፍርሃት ትንሽ ቀለለ። የእነርሱ በቅቤ የራሰ ነው፤ የእኛ ደረቅ ይላል።

እሑድ

ጠዋት ከእማማ አስቴር ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄድን። መዝሙሩ ግማሹ በሲዳምኛ ነበር። ቃሉን ባልይዘውም ዜማውን ስለማውቀው በእኔ ቋንቋ አብሬ ዘመርኩ፤ ማንም ዞሮ አላየኝም።

ከሰዓት በኋላ ሐይቁን ካላየሽ ብለው ወሰዱኝ። የዓሣ ገበያው ዳር አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች ሰው መሐል ይቆማሉ። ራሳቸው መላጣ ነው፤ ቁመታቸው የልጅ ያህላል። አንዱ ወደ እኔ ሲራመድ እማማ አስቴር ኋላ ገባሁ።

«አይዞሽ፣ ሰው አይበሉም። ሰው የሚበላውን ነው የሚጠብቁት» አሉ።

ዓሣውን ስበላ አጥንቱ ጉሮሮዬን እንዳይወጋኝ ፈራሁ። እኛ ጋ ዓሣ ማን ይበላል? ፍርሃቴን አይተው ሳህኔን ወደራሳቸው ሳቡና አጥንቱን አንድ በአንድ አውጥተው መለሱልኝ። የእርሳቸው ምግብ እስኪቀዘቅዝ ድረስ እንዲህ አደረጉ። ከሐይቁ ይልቅ እርሱ ትዝ ይለኛል።

ሰኞ

ምሕረት ሥራ ቦታዋ ወሰደችኝ። እዚያም አልከለከሉኝም። ክፍሉ የኛን ሰፈር ጤና ጣቢያ ይመስላል፤ ነጭ ነው፣ ጠረጴዛው የታጠበ ነው። መደርደሪያው ላይ ትንንሽ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ላይ የራስ ቅልና የእሳት ምልክት አለ። እግሬ በሩ ላይ ቆመ።

ያሬድ ከደብረ ብርሃን የመጣ ቀጭን ወጣት ነው፤ ጨዋታ ይወዳል። በዚያን ቀን ጉንፋን ይዞት አፍንጫው ተደፍኖ ነበር። «ማዘር፣ ይግቡ። የሰው አፍንጫ እዚህ ቤት ስለማይሠራ ነው ማሽን የሠራነው» አለኝ።

ማሽኑ ነጭ ሳጥን ነው፤ ከጫማ ካርቶን አይበልጥም። ፊቱ ላይ ትንሽ ማራገቢያ አለ፤ እርሱ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ውስጡ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህሉ ስምንት ነገሮች ተሰክተዋል፤ ሲነኩ ይሞቃሉ። ሴንሰር ይሏቸዋል። አየሩ ሲነካቸው እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ ይናገራል፤ ኮምፒውተሩ የስምንቱን ቃል አንድ ላይ ሰምቶ ይህ ቤንዚን ነው፣ ይህ አልኮል ነው፣ ይህ የማስቲሽ ትነት ነው ይላል። ደህና ሲሆን አረንጓዴ፣ ሲከፋ ቀይ ያበራና ይጮኻል።

«እኛ የሌለን ምን አለው?» አልኩት።

ምሕረት መለሰችልኝ። «እኛ እንለምዳለን እማዬ። መጥፎ ሽታ ውስጥ ሩብ ሰዓት ከተቀመጥሽ አይሸትሽም። ያልሸተተሽ ግን አልሄደም፤ እየገባ ነው። ማሽኑ እንደኛ አይለምድም።»

«ግን አንድ ጠባይ አለው» አለ ያሬድ። «ሥራ ከመጀመሩ በፊት ንጹሕ አየር ማሳየት አለብን። የሚለካው ከዚያ ተነሥቶ ነው። በመጀመሪያ ያሳየነው ከተበላሸ ቀኑን ሙሉ ይሳሳታል። እንደ አማት ነው ማዘር፤ መጀመሪያ ያየችውን አትረሳም።»

ሳቅን። ጠርሙሶቹ የሚከፈቱት ትነቱን ወደ ውጭ በሚስብ መስታወት ሣጥን ውስጥ መሆኑን አሳዩኝ። በእጄ ወረቀት አስጠግቼ ሲሳብ ካየሁ በኋላ ለልጄ የነበረኝ ፍርሃት ግማሹ ወረደ።

ከዚያ ስለ ነገው ነገሩኝ። ምሕረት ጫማ ልታሠራ ሄዳ ነው ታደለችን ያገኘቻት። ታደለች ከጠዋት እስከ ማታ መስኮት በሌለው ክፍል ሶል ላይ ማስቲሽ ትቀባለች። የአራት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ጣቶቿ ደንዝዘዋል፤ ጫማዋ ከእግሯ ሲወልቅ አይታወቃትም። ክፍሉ ድሮ መስኮት ነበረው። ጎረቤት «ሽታው ወጥ ቤታችን ገባ» ብሎ ሲያስቸግር አቶ ዳንጊሶ በብሎኬት ዘጋው። ምሕረት ስለ ትነቱ ስትነግረው አልተቆጣም። «የሰው ወሬ አልሰማም። ማሽናችሁን አምጡ። መጥፎ ነው ካለ ግድግዳውን በራሴ እጅ አፈርሳለሁ። ደህና ነው ካለ ግን ዳግም ስለ ሽታ እንዳታነሡብኝ» አላት። ታደለችም ቆማ ሰምታለች።

ማታ የልጄን ጸጉር ፈታሁት። እኛ ጋ ሴት ልጅ ለትልቅ ነገር በደረቅ ራስ አትወጣም፤ እናት ቅቤ ቀብታ፣ እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ መርቃ ነው የምትሸኛት። ለማትሪክ ስትቀመጥም ቀብቻታለሁ፤ ለምርቃቷም ቀብቻታለሁ።

«እማዬ፣ ነገ እኮ ሥራ ነኝ» አለች፤ ግን ራሷን አልሳበችም።

«ጠዋት ትታጠቢዋለሽ።»

ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ሽቶውን ከጉያዬ አውጥቼ ቅቤው ውስጥ ጨመርኩ። ትንሽ ጠብ ላደርግ ነበር። የሚኒባሱ ሳቅ ትዝ አለኝና የጠርሙሱን ግማሽ ገለበጥኩት። እንዳትቆጣኝ ብዬ አልነገርኳትም። ጸጉሯን አርሼ፣ በፌስታል ጠቅልዬ፣ በሻሽ አስሬ አስተኛኋት።

ማክሰኞ

ውኃው ቀዝቃዛ ነበር፤ ምሕረት እየተቻኮለች በሳሙና ታጠበች። ቅቤ በቀዝቃዛ ውኃ አይለቅም። እኔም ልምጣ አልኩ። ሦስታችንም ማሽኑን ጭናችን ላይ ይዘን በባጃጅ ሄድን።

ጫማ መሥሪያው ዝቅ ያለ ቤት ነው፤ ፊት ለፊት ሁለት የስፌት መኪኖች አሉ። ያሬድ ማሽኑን ውጭ፣ ከበሩ ራቅ ብሎ በርጩማ ላይ አስቀመጠና ሁሉንም ሰበሰበ።

«ንጹሕ አየር ልናሳየው ነው። ሽቶ፣ ሎሽን፣ ዲዮድራንት የተቀባ ሰው አለ? ካለ እንዲርቅ ነው እንጂ አንቆጣም።»

ጋሽ ወልዴ ቀና ብለው፣ «እኔ ከሠርጌ ወዲህ ተቀብቼ አላውቅም» አሉ።

«ያኔም ቢሆን የሚዜህን ነው የተቀባኸው ይባላል» አለች መሠረት።

«አንቺ ያኔ አልተወለድሽም። ማን ነገረሽ?»

«ሚስትህ ናታ።»

ሰው ሳቀ። ያሬድ ወደ ምሕረት ዞረ፤ የለም ብላ ራሷን ነቀነቀች። እርሷ አታውቅም። ወደ እኔ ዞረ።

«ማዘርስ?»

እኔ አልተቀባሁም፤ ይህ እውነት ነው። ልጄ ግን ተቀብታለች፤ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የልጄን ራስ በሽቶና በቅቤ አበላሸሁት ብዬ መናገር አልቻልኩም። ቀላል ነገር መሰለኝ። ጠዋት ታጥባ የለም እንዴ ብዬ ራሴን አታለልኩ። እኔም የለም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩና ዝም አልኩ።

ምሕረት ማሽኑ ላይ አጎንብሳ ቁልፎቹን ትነካ ጀመር። ጸጉሯ በማራገቢያው አፍ ላይ ወደቀ። ረጅም ጊዜ እንደዚያ ቆየች። ምሕረት ሌሊቱን ሙሉ አብራው ስላደረች ለምዳዋለች። ያሬድ ጉንፋን ይዞታል፤ አይሸተውም። ሌሎቹ አፍንጫቸው በማስቲሽ የደነዘዘ ነው። የሚሸተኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከዚያ ወደ ኋላ ክፍል ገባን። በሩን ሲከፍቱ ዓይኔን አቃጠለኝ፣ አሳለኝ። ታደለች አነስተኛ ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ የማስቲሽ ቆርቆሮውን በጉልበቶቿ መሐል ይዛ በብሩሽ ትቀባለች። ዕድሜዋ ከምሕረት አይበልጥም። ፊቷ ክብ ነው፤ ግንባሯ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ።

«አይከብድሽም ልጄ?» አልኳት።

«በፊት ይከብደኝ ነበር። አሁን አይሸተኝም እናቴ።»

ጣቶቿን አሳየችኝ። በጥፍሬ ጫን አልኩ። «እዚህ ጋ ይሰማሻል?» ስላት ፈገግ ብላ፣ «ለስሙ ያህል» አለችኝ። ሆዷን በሌላ እጇ ይዛ ነበር። ዓይኗ ግን ማሽኑ ላይ ነው።

ማሽኑ አረንጓዴ አበራ።

ምሕረት ጠጋ አደረገችው፤ አረንጓዴ ነው። ቆርቆሮው ጋ ወሰደችው፤ ትንሽ ወደ ቢጫ ሄዶ ተመለሰ። ከያሬድ ጋር ተያዩ። ጠበቁ። አልጮኸም።

አቶ ዳንጊሶ እፎይ አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከልቡ ደስ አለው። «ማሽኑ ፈረደ። ታደለች፣ ሰማሽ? ያንቺ ሕመም ከዚህ ክፍል አይደለም። ሌላ ቦታ ፈልጊው» አለ። ለሁላችንም ለስላሳ አስመጣ። ታደለች የእርሷን ሳትጠጣ መሬት አስቀመጠችና ብሩሹን አነሣች። ፊቷ ላይ ያየሁት ደስታ አልነበረም። ሕመሜ ከራሴ ነው ማለት ነው ብላ እንደፈረደች ያኔ አልገባኝም።

ከሰዓት በኋላ ምሕረት ኮምፒውተሯ ላይ ተቀምጣ ማሽኑ የመዘገባቸውን መስመሮች ታይ ነበር። «መነሻው ከፍ ብሏል» አለች። «ጠዋት ንጹሕ ነው ብለን ያሳየነው አየር ንጹሕ አልነበረም። አልኮል ያለበት ነገር ነው። ማሽኑ እርሱን ንጹሕ ብሎ ይዞ ክፍሉ ውስጥ ያለውን አሳንሶ አየው።»

«መኪና አልፎ ይሆናል» አለ ያሬድ።

«መኪና እንዲህ አያደርግም።»

«ሽቶ ነው» አልኩ። «ቅቤው ውስጥ ጨምሬበት ነበር።»

ምሕረት ጸጉሯን በእጇ ይዛ ወደ አፍንጫዋ አመጣችው። መቆጣቷን ጠበቅኩ፤ ቁጣው ይሻለኝ ነበር።

«ስትጠየቂ ለምን አልተናገርሽም?»

«ፈራሁ።»

«ምኑን?»

«እንዳታፍሪብኝ።»

ያሬድ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ፣ «ማዘር፣ ጥፋቱ የጋራ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው አፍንጫ ሊሠራ አይወጣም» አለ። አልሳቅንም።

ለአቶ ዳንጊሶ ደወሉለት። ድምፁ ለእኔም ይሰማ ነበር። «ዛሬ ደህና ነው ነገ መርዝ ነው የምትሉኝ፣ የትኛውን ልመን?» አለ። ምሕረት ለመነችው። ሴንሰሮቹ አንድ ቀን ሙሉ ንጹሕ አየር ላይ ማደር ስላለባቸው ለሐሙስ ጠዋት ተስማማ፤ እስከዚያ ግን ለሠራተኞቹ ምንም እንዳይነገር አለ።

ረቡዕ

እማማ አስቴር ውኃ አፍልተው የምሕረትን ጸጉር ሦስት ጊዜ በሳሙና፣ አንድ ጊዜ በሎሚ አጠቡ። እኔ ልነካው አልፈለግኩም። ማሽኑ ግቢው ውስጥ አቮካዶው ሥር እየሠራ ዋለ። ጢስ እንዳይነካው ብዬ ስፈራ እማማ አስቴር ከሰላቸውን አንሥተው ጎረቤት ሄደው አበሰሉ፤ ወጡን ተሸክመው መጡ። በሰው ግቢ እንዲህ ሲደረግልኝ አፈርኩ።

«ታደለች ጋ ልሂድና ልንገራት» አልኩ።

ምሕረት፣ «ማሽኑ ሳይናገር ብትነግሪያት አቶ ዳንጊሶ ሴረኞች ናቸው ይለናል። ነገ ነው እኮ እማዬ፤ አንድ ቀን ነው» አለች። ልክ መሰለኝ። ማክሰኞ መናገር ሲገባኝ ዝም ስላልኩ ረቡዕ ደግሞ ለመናገር መብት የለኝም ብዬ ቀረሁ። ቀኑን ሙሉ ዶሮዎቹን ከማሽኑ ሳባርር ዋልኩ።

ሐሙስ

እኔ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ቀረሁ። ንጹሕ አየሩን ሲያሳዩት አልቀረብኩም። ከዚያ ይዘውት ገቡ። የኋላው ክፍል በር ሳይደርሱ ጩኸቱ ውጭ ድረስ ተሰማኝ። የስፌት መኪናዎቹ ቆሙ። ሮጬ ገባሁ። ማሽኑ ቀይ ነው፤ ዝም አልልም ብሎ ይጮኻል። ምሕረት ወደ ደጅ ስታወጣው እየቀነሰ ሄደ፤ ስትመልሰው እንደገና ጮኸ። ሦስት ጊዜ አደረገችው።

አቶ ዳንጊሶ ኮቱን አውልቆ ለጋሽ ወልዴ ሰጠና መዶሻ አመጣ። ብሎኬቱን ራሱ መታ። ብርሃን ሲገባ የክፍሉ አቧራ ሁሉ ታየ። የታደለች ዱካ ባዶ ነበር፤ ብሩሹ ቆርቆሮው ላይ ደርቋል።

«ታደለችስ?» አልኩ።

መሠረት ናት የመለሰችልኝ። «ትናንት ጠዋት መጥታ ነበር። 'ሕመሜ ከክፍሉ ካልሆነ ከእኔ ነው፤ አገሬ ገብቼ ይጸለይልኝ' አለችና ሽርጧን ሰቅላ ወጣች። እኔም ማሽኑ ካለ ብዬ አልያዝኳትም።»

ስልኳ ዝግ ነበር። አቶ ዳንጊሶ መዶሻውን እንደያዘ ደጋግሞ ደወለ።

ዓርብ

ከምሕረትና ከመሠረት ጋር የተከራየችበትን ቤት ፈለግን። የቤቱ አከራይ ቁልፉን አስረክባቸው እንደሄደች ነገሩን። አንዲት ጎረቤት አለታ ወንዶ ነው የትውልድ ቦታዋ አለች፤ ሌላዋ የለም፣ በንሳ ነው አለች። መነኸሪያ ሄደን ረዳቶቹን ጠየቅን። «በቀን ስንት ነፍሰ ጡር እናሳፍራለን እናቴ?» አለኝ አንዱ፤ ስቆ ሳይሆን አዝኖልኝ ነው። እንዲህ ዓይነት ልጅ፣ ግንባሯ ላይ ጠባሳ ያለባት እያልኩ እስከ ከሰዓት ድረስ ከመኪና መኪና ዞርኩ።

ቅዳሜ

እማማ አስቴር ለመንገድ ብለው የደረቀ ዓሣና ቡና አሲያዙኝ። ምሕረት መኪና ውስጥ አስገብታኝ በመስኮት እጄን ያዘች። «ሐኪም ጠይቄአለሁ» አለችኝ። «ከትነቱ ከራቀች ጣቶቿ ቀስ በቀስ ሊመለሱላት ይችላሉ። ግን ምክንያቱን ካላወቀች ነገ ሌላ ማስቲሽ ቤት ትቀጠራለች። ለሐኪምም አትነግርም።» መኪናው ሲነሣ እያለቀሰች ነበር። እኔ እስከ ሀላባ ድረስ ሹፌሩ ስልክ ያንሣ አያንሣ አላየሁም።

አሁን ቤቴ ነኝ። ምሕረት ስትደውል መጀመሪያ የምጠይቃት ስለ ታደለች ነው፤ እስካሁን የሚታወቅ የለም። ክፍሉ መስኮት ገብቶለታል፤ እዚያ የምትሠራው ሌላ ልጅ ናት።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ አለታ ወንዶና በንሳ ያላችሁ ወይም በየጫማ ቤቱ የምትሠሩ፣ ታደለች የምትባል፣ ግንባሯ ላይ ትንሽ ጠባሳ ያለባት፣ ምናልባት አሁን ወልዳ ሕፃን የያዘች ልጅ ካያችሁ፣ ሕመሟ ከማስቲሹ እንጂ ከእርሷ እንዳልነበረ ንገሩልኝ። ያን ቀን ማሽኑን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ በሏት። የት እንዳለች፣ እርሷም ሕፃኑም ደህና መሆናቸውን ለሀዋሳው ጫማ ቤት ለመሠረት ወይም ለእኔ አሳውቁ።